ውጭ የተወለደ ሕፃን ይዞ ድሬ መክረም፦ ከሻንጣ እስከ ሐረር ዳገት

ድሬዳዋ ተወልዳችሁ አሁን ሚኒሶታ ወይ ፍራንክፈርት ወይ ሪያድ የምትኖሩ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ሰዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሕፃን ይዞ ወደ ድሬ መምጣት ብዙ ሰው ያስፈራዋል። ሙቀቱ አለ፣ ቢምቢው አለ፣ "አምጪው ልሳመው" የሚል ሰፈር ሙሉ ሰው አለ። ለሁሉም መላ አለው። የሚያደክመው የውጪውን ፕሮግራም እንዳለ ይዞ መምጣት ነው፤ ምሳ በ6፣ እንቅልፍ በ7፣ መናፈሻ በ9፣ እራት በ12። ድሬ ላይ በ9 ሰዓት ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው የለም። ፍየሎቹ እንኳን ጥላ ይዘዋል። የልጁን ቀን በከተማው ሰዓት ካስተካከላችሁት ግማሹ ችግር በራሱ ይቀላል።

1. ወሩን ምረጡ

ምርጫ ካላችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ኑ። ማታ ማታ አየሩ ቀለል ይላል፣ ሕፃኑም ይተኛል። ግንቦትና ሰኔ ለለመደው ሰውም ይከብዳል። ትምህርት የጀመረ ልጅ ያላቸው የግድ በሐምሌና ነሐሴ ይመጣሉ፣ ምን ይደረግ፤ እነሱ ከታች ስለ ደቻቱ፣ ከተማዋን አቋርጦ ስለሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ የጻፍኩትን ሁለቴ ያንብቡ።

ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው። ስለት ካለባችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ከሌለባችሁ ግን በዚያ ሳምንት መኪናም፣ የአውሮፕላን ቲኬትም፣ አልጋም በቀላሉ አታገኙም። ስለት ያለው ሰውም ቢሆን ሕፃኑን ቤት ትቶ ቢሄድ ገብርኤል አይቀየመውም።

2. ወረቀቱንና ሐኪሙን ከ6 ሳምንት በፊት ጨርሱ

የልጁ ፓስፖርትና ቪዛ (ወይም ቢጫ ካርዱ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) እንዳለ ሆኖ፣ ከእናትና አባት አንዳችሁ ብቻ ከሆነ ልጁን ይዞ የሚጓዘው የሌላኛችሁን የተፈረመ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። ላይጠየቅ ይችላል። ከተጠየቀ ግን የሚጠየቀው አውሮፕላን ማረፊያ ቆማችሁ፣ ልጁ እያለቀሰ ነው።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ኢትዮጵያ" ብላችሁ አታቁሙ፤ "ድሬዳዋ" በሉ። ልዩነት አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ወባ አያሰጋም። ድሬ ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ወባ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማዋ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእስያ ከመጣ የቢምቢ ዝርያ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ይሄኛው ከተማ ይወዳል፣ ግቢ ውስጥ ባለ የውሃ ማጠራቀሚያ ይራባል፣ በበጋም አይጠፋም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማዋን አዳርሰዋታል። እነዚህን የሚያመጣው ቢምቢ የሚናከሰው በቀን ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ለልጁ ክብደት የሚሆን የወባ መከላከያ መድኃኒት ጠይቁት። አንዳንዱ ከጉዞው 1 ወይ 2 ቀን በፊት፣ አንዳንዱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ይጀመራል። የኩፍኝ ክትባትም አንሱ። ሕፃኑ ዓመት ባይሞላውም ከ6 ወር ጀምሮ ለጉዞ ተብሎ ቀድሞ ሊሰጠው ይችላል።

3. ሻንጣ

ከሚመስላችሁ በታች ልብስ፣ ከሚመስላችሁ በላይ የሌላ ነገር ያዙ። ልጁ ድሬ ላይ የሚለብሰው ስስ ጥጥ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከመጋላ ሰፈር ትንሽ ድሪያ ወይ ሽርጥ ስትገዙለት ሌላውን ይረሳዋል። ዳይፐር በየሱቁ አለ፣ ለመጀመሪያ ቀናት የሚበቃ ብቻ ያዙ። የቆርቆሮ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ግን የለመደውን ዓይነት ለሙሉ ቆይታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ሆዱ በሙቀትና በአዲስ ወተት አንድ ላይ መፈተን የለበትም።

ቴርሞሜትር፣ የልጆች ፓራሲታሞል፣ በክብደቱ ስንት ሚሊ እንደሚወስድ የተጻፈበት ወረቀት፣ የቢምቢ ቅባት (ዲት ያለበት ከሆነ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን አይቀባም)፣ በአልጋው ላይ የሚዘረጋ አጎበር፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ቬንትሌተር። መብራት ሲጠፋ የመጨረሻው ዕቃ ወርቅ ነው። ከአሜሪካ የምትመጡ፣ እዚህ ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት ነው፤ በ120 ብቻ የሚሠራ የጡጦ ማሞቂያ ከሰካችሁ ጭሱን ታያላችሁ።

የመኪና ወንበር ያዙ የሚለው ላይ ሰው ይከራከረኛል። እኔ ያዙ ነው የምለው፤ በመኪናው ቀበቶ የሚታሰረውን ዓይነት። ድሬ ውስጥ በባጃጅ ነው የምትሄዱት፣ እዚያ ላይ ምንም አይጠቅማችሁም፣ ልክ ነው። ለሐረር መንገድ ግን ያስፈልጋችኋል። መኪና ስትኮናተሩ የኋላ ወንበሩ ቀበቶ እንዳለውና እንደሚሠራ ገንዘብ ከመነጋገራችሁ በፊት እዩ። ጋሪውን ግን ቤት ተዉት። አንቀልባ እዚህ ግዙ።

4. ጉዞውና የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

ከአዲስ አበባ ድሬ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በመኪና ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሕፃን ይዛችሁ አትሞክሩት። ባቡሩ ለትልልቆቹ ልጆች ደስ ይላል፣ ግን የአዲሱ መስመር ጣቢያዎች ሁለቱም ጋ ከከተማው ወጣ ያሉ ናቸው። ስለዚህ የሚቀበላችሁ ሰው ይኑር።

ከዋሽንግተን የመጣ ልጅ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ይዛባበታል። ከጀርመን የመጣው 2 ወይ 1 ሰዓት ብቻ ነው፣ ከሳዑዲ የመጣው ምንም። የአሜሪካው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በ7 ሰዓት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ይነሳና "ቁርስ" ይላል። አትታገሉት። መብራቱን ሳታበሩ ዳቦና ሙዝ ስጡት፣ ግቢው ውስጥ ዞር ዞር በሉ፣ የሌሊቱን ነፋስ ይጠጣ። ሲነጋ ግን ደክሞትም ቢሆን ወደ ፀሐይ አውጡት። ሰውነቱን የሚያስተካክለው የጠዋት ብርሃን ነው።

5. የልጁን ቀን በድሬ ሰዓት አድርጉ

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ድሬ ሁለት ቀን አላት፤ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ። በመካከል ከተማዋ ትዘጋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው በርጫው ላይ ይቀመጣል። እናንተም ከልጁ ጋር ለሁለት ከፍሉት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። አዛኑም ቅዳሴውም ቀድሞ ቀስቅሷችኋል። ፀሐይዋ ሳትጠነክር እስከ 3 ሰዓት ድረስ ውጭ ዋሉ፤ መሮጡም፣ መራመዱም፣ ገበያውም በዚህ ሰዓት ይለቅ። ቁርስ ውጭ ብሉ፣ ፉል ወይ ፈጢራ። ፈጢራ የማይበላ ልጅ እስካሁን አላየሁም፤ ማሩን ግን ዓመት ላልሞላው እንዳታስነኩ። ከ4 ሰዓት በፊት ቤት ግቡ።

ገላውን በጠዋት ወይ በማታ እጠቡት። እኩለ ቀን ላይ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ በፀሐይ ሲቀቀል የዋለ ነው፣ ለሕፃን ቆዳ አደጋ አለው፤ ሁሌም መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ ቀድታችሁ በክንዳችሁ ለኩት። ሳሙናው አረፋ እንቢ ቢላችሁ አይግረማችሁ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚቀረው ነጭ ነገርም እሱ ነው። ለመጠጥ ግን የታሸገ፣ ወይም ፈልቶ ለ1 ደቂቃ ያህል የተንተከተከ ውሃ ስጡት።

ምሳ በ6። ከ7 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ፣ ወይም ቢያንስ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ቬንትሌተር ተከፍቶ፣ ምንጣፍ ላይ መንከባለል። ውጭ አገር አንድ ሰዓት ብቻ የሚተኛው ልጅ እዚህ ሦስት ሰዓት ይተኛል፣ አትቀስቅሱት። በ10 ሰዓት ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ ማንጎ፣ የወቅቱን ፍሬ አጥባችሁና ልጣችሁ ስጡት። ከ11 በኋላ ድሬ እንደገና ትነሳለች። ልጆቹ ከየግቢው ይወጣሉ፣ በየደጁ ወንበር ይወጣል፣ የእናንተም ልጅ አብሮ ይውጣ። እስከ ማታ 3 ሰዓት ቢጫወት ምን ይሆናል? ቀን ተኝቷል። በ2 ሰዓት አስተኛለሁ ብላችሁ ክፍል ውስጥ ብትዘጉበት እሱም ያለቅሳል፣ እናንተም ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ከደጅ ደግሞ የጓደኞቹ ጩኸት ይሰማዋል።

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን በዚህ ሁሉ ሙቀት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ውሃ አያስፈልገውም። ቶሎ ቶሎ አጥቡት፣ እናትየዋ ራሷ ውሃ ትጠጣ። ይሄን ለአያቱ ማስረዳት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ወደዚያው እንሂድ።

6. ከአያት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ

ሆቴል አትያዙ። እማማ ቤት እረፉ፣ ልጁ የመጣው ለእሷ ነው። ግን ከመምጣታችሁ በፊት በስልክ፣ በቀስታ፣ በደንብ አውሩ። ደጃፍ ላይ ደርሳችሁ "ይሄን አታድርጊ፣ ያንን አታድርጊ" ማለት ከጀመራችሁ ትቀየማለች፣ እውነቷንም ነው።

የመጀመሪያው ነገር ብርድ። በ35 ዲግሪ ሙቀት ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ "ነፋስ ይመታዋል" ብላ ቬንትሌተሩን ታጠፋለች። አትጨቃጨቁ። እጇን ይዛችሁ ከልጁ ማጅራት ላይ አድርጉላት፣ ላቡን ትነካዋለች። ከዚያ ጋቢውን ራሷ ታነሳለች።

ሁለተኛው ጉርሻ። ልጁ በርበሬ አልለመደም፤ ለብቻው አልጫ ይሠራለት፣ ሩዝ በድሬ ቤት መቼም አይጠፋም። እጅ በሳሙና ከታጠበ ጉርሻውን አትከልክሉ፤ ከአያቱ እጅ የጎረሰ ልጅ ሌላ ጊዜ የማይበላውን ይበላል። የግመል ወተት "ለጉልበት" ብለው ያመጡለታል። ካልፈላ አይጠጣ፣ የላሙም እንደዚያው፤ ጥሬ ወተት ብሩሴላ የሚባል በሽታ ያመጣል።

ሦስተኛውን በቁም ነገር ያዙልኝ። የሐረርና የባቢሌ አካባቢ የኦቾሎኒ አገር ነው። በየጥጉ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ ጎረቤት ሁሉ ለልጅ የሚሰጠው እሱን ነው። ልጃችሁ የኦቾሎኒ አለርጂ ካለበት መርፌውን ሁልጊዜ ከእጃችሁ አትለዩ፤ ለቤተሰቡም "አይወድም" ሳይሆን "ሊሞት ይችላል" ብላችሁ ንገሩ። "አይወድም" ካላችሁ ያባብሉታል። አለርጂ ባይኖርበትም እንኳን ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያልተፈጨ ኦቾሎኒ አይሰጥም፣ ያንቀዋል። ተወቅጦ ከሙዝ ጋር ይሁን።

መሳም አለ፣ "እንትፍ እንትፍ" ብሎ መመረቅ አለ። ለአራስ ሕፃን "ግንባሩን ሳሙት፣ ከንፈሩን ተዉት" በሉ፣ ይበቃል። የ4 ዓመቷ ልጅ ደግሞ ሰው ሁሉ ሊያቅፋት ሲመጣ ትደነግጣለች፤ እጅ መጨበጥ ቤታችሁ ሆናችሁ አለማምዷት፣ እጇን ቀድማ ከዘረጋች የሚቀየም የለም። በአማርኛዋም አትጨነቁ። ድሬ ላይ ልጅ አዋቂውን አንተ አንቺ ቢለው ማንም ጉዳዬ አይልም፣ እኛም እንደዚያ ነው ያደግነው። አዲስ አበባ ያለችው አክስት ጋ ስትሄዱ ነው እርስዎ የሚያስፈልጋት። የሰው ልጅ ስታደንቁ ደግሞ ማሻአላህ በሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይላል፣ አቦ፣ ምን ይከብዳል።

7. ቢምቢ፣ ሆድ፣ ትኩሳት

በደረሳችሁ ቀን ግቢውን ዙሩ። የሮቶው ክዳን ይገጥማል? በርሜሉ ተሸፍኗል? የአበባ ማሰሮው ሥር፣ አሮጌ ጎማው ውስጥ ውሃ ቋጥሯል? ድፉት፣ ክደኑት። ይሄ ከቅባቱ ይበልጣል። ሌሊት አጎበር፣ በቀን እንቅልፍም አጎበር፤ የቀኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሆዱ ከተበላሸ ከየፋርማሲው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ግዙ፣ በፓኬቱ ላይ እንደተጻፈው አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። ከሌለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልሙጥ በልሙጥ ተለክቶ፣ በ1 ሊትር። ጡቱም ምግቡም አይቋረጥ። ዚንክ ጠይቁ፤ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 እስከ 14 ቀን ነው፣ ከ6 ወር በታች ላለው ግማሹ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀረ፣ ደም ካያችሁበት፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ትኩሳት ከሆነ በዚያው ቀን የወባ ደም ምርመራ። "ሙቀቱ ነው" የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ድሬ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል አለ፣ የግል ክሊኒኮችም አሉ። የትኛው ጋ ጥሩ የሕፃናት ሐኪም እንዳለ ጎረቤት ቀድማችሁ ጠይቁና ቁጥሩን ያዙ። ዴንጊም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያየው አይቡፕሮፌንና አስፒሪን አትስጡ፣ ፓራሲታሞል ብቻ። ውሻ ወይ ድመት ከነከሰው ወይ ከቧጨረው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ለእብድ ውሻ ክትባት በዚያው ቀን ሂዱ።

8. የት ይወሰድ?

ከዚራ ሰፈር፣ በጠዋት። መንገዶቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ዛፉ ከላይ ይገጥማል፣ ሕፃን ይዞ ለመራመድ ከዚህ የተሻለ የለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ናትና የድሮው ለገሃር እዚያው ነው። ዘበኛውን በትሕትና አስፈቅዱ። ከፈቀደላችሁ አሮጌዎቹ ባቡሮች ጋ ከ3 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ሰዓቱን ሙሉ ይቆማል፤ ብረቱ ፀሐይ ላይ የዋለ ስለሆነ እንዳይነካው እንጂ።

ቀፊራ ገበያ ሲነጋ ሂዱ፣ ግመሎቹ ሲገቡ። ሕፃኑን አንቀልባ ላይ፣ ትልቁን በእጅ። ታይዋን የሚባለው ገበያ ከልጅ ጋር አይሞከርም፤ አሻንጉሊት እያለ ያሳብዳችኋል።

አሁን ደቻቱ። ደረቅ አሸዋ ነው፣ የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ የእናንተም ልጅ ባልዲና አካፋ ይዞ መውረድ ይፈልጋል። በበጋ ይውረድ። በዝናብ ወራት ግን ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከከተማው ጀርባ ያለው ተራራ ላይ ደመና ካያችሁ ልጅ አሸዋው ላይ አይቁም።

9. ሐረር ለመውጣት

55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን ደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፣ ልጅ ያስመልሳል። ቁርሱን ቀለል አድርጉ፣ ፌስታልና ቅያሪ ልብስ ከእግራችሁ ሥር ይሁን፣ ስልክ አይሰጠው፣ ወደፊት ይይ። ሾፌሩን ከመነሳታችሁ በፊት "ቀስ ብለህ፣ ስንልህ ትቆማለህ" በሉት። ሹራብ ያዙ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ ከድሬ በወጣ ልጅ ላይ ማታው ይበርዳል።

ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ውስጥ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ደረጃና ድንጋይ ይበዛዋል። ጋሪ ቤት ተዉ ያልኩት ለዚህ ነው። በሐረሪ ቤት ከተጋበዛችሁ ጫማ አውልቁ። መደቦቹ እርከን እርከን ስለሆኑ የሚድህ ልጅ ከላይኛው እንዳይወርድባችሁ ከታችኛው አጠገብ ተቀመጡ። ሐላዋውን በጣም ትንሽ ቅመሱለት፣ ስኳር ነው እንጂ ምግብ አይደለም።

ጅብ ማብላቱን ሁሉም ማየት ይፈልጋል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ እኔ አልመክርም። ትልቅ ከሆነ መኪና ውስጥ መስኮት ተዘግቶ፣ መብራት በርቶ ይይ። ልጁ አውርዱኝ ቢልም፣ ሰውዬው "ምንም አይሉም" ቢላችሁም፣ አታውርዱት። ጅቡ አብላውን ነው የለመደው።

10. ስትመለሱ

እማማ ቅቤና ቋንጣ ትቋጥርላችኋለች። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋም የወተት ተዋጽኦም ማስገባት ክልክል ነው፣ አሜሪካም ያጣራል፤ ለእህታችሁ ተዉላት፣ በርበሬና ሽሮውን ያዙ። የወባ መድኃኒቱን ከተመለሳችሁም በኋላ ሐኪሙ ያዘዘውን ያህል ቀን ስጡት፣ "ደርሰናል" ብላችሁ አታቋርጡ። እስከ አንድ ዓመት ድረስ ልጁ ትኩሳት ካመጣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ "ድሬዳዋ ነበርን" በሉ፤ የውጭ ሐኪም ጉንፋን ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል፣ የወባ ምርመራውን እናንተ ጠይቁ።